ከደብዳቤው የወጣው መስመር

እትዬ ማኅተም ማስመሪያዋን ከዝርዝሩ አናት ላይ አጋድማ ወደ ታች ልታወርደው ስትል እጇ ባለበት ቀረ። በግራዋ ትምህርት ክፍሉ ዛሬ ጠዋት የላከው የድጋፍ ዝርዝር ተዘርግቷል፤ በቀኟ የራሷ የቅበላ መዝገብ። በድጋፍ ዝርዝሩ የመጀመሪያ ረድፍ ላይ «ሙሉ የትምህርት ወጪ፣ መኖሪያና ወርሃዊ አበል» የተፈቀደላት አመልካች በመዝገቡ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዛለች። ከስረዛው ጎን በእትዬ ማኅተም በራሷ የእጅ ጽሑፍ «ቦታውን አልፈልግም ብላለች» ይላል።

«ሆሆ!» አለች ብቻዋን። «አንደኛ ወጥታ፣ ሙሉ ድጋፍ ተፈቅዶላት፣ አልፈልግም?»

በድህረ ምረቃ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት ሰው የለም። የማኅተሙ መሳቢያ ቁልፍ ለሃያ ስድስት ዓመት ከአንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ መምህሩም ተማሪውም እትዬ ማኅተም ይላታል። የአሁኑ ዲን ሰባተኛዋ ናቸው። «ዲን ይቀየራል፣ ማኅተም አይቀየርም» እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም ቀልዱን አትጠላውም። ከአራት ወር በኋላ ግን ጡረታ ትወጣለች። ሁለት ዓመት እንዲጨመርላት አመልክታለች፤ ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ ሰኞ ይሰበሰባል። ዛሬ ዓርብ ነው።

ዛሬ ደግሞ የተጠባባቂዎች ቀን ነው። ቦታቸውን የለቀቁ ካሉ በተጠባባቂ ይተካሉ፤ የተተካውም ያልተተካውም እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ይነገረዋል፤ ከዚያ በኋላ መዝገቡ ይዘጋል። በውኃ ኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል የተለቀቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ይህ በቀይ የተሰረዘው።

ልጅቷ «አልፈልግም» ብላ የጻፈችውን ኢሜይል ፈልጋ ከፈተችው። በደረሰ ዕለት አርዕስቱን አይታ መዝግባ አልፋው ነበር፤ በዚያ ሳምንት የገባው ኢሜይል ብዛት ሌላ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ ታምሜያለሁ ብሎ ይቀር ነበር። አሁን መነጽሯን አስተካክላ አነበበችው።

«ስለ ተሰጠኝ ዕድል ከልብ አመሰግናለሁ። ደብዳቤያችሁን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስለ ወጪው የሚናገር ነገር ስላላገኘሁበት በራሴ ከፍዬ እንድማር ማለታችሁ እንደሆነ ተረድቻለሁ። እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ ወጪውን የምችልበት መንገድ የለኝም። ስለዚህ ቦታውን ለሚቀጥለው ሰው እንድትሰጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እባካችሁ ቶሎ ንገሩት። መጠበቅ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።»

እትዬ ማኅተም ቀኑን አየች። የቅበላ ደብዳቤው በወጣ በማግስቱ የተጻፈ ነው። የድጋፍ ዝርዝሩ የወጣው ደግሞ ዛሬ።

የጽሕፈት ቤቱ አሠራር እንዲህ ነው። «ተቀብለንሃል» የሚለው ደብዳቤ ከዚህ ይወጣል፤ «ወጪህን ችለንልሃል» የሚለው ደግሞ ከትምህርት ክፍሉ ይወጣል፣ ፋይናንስ ከፈረመ በኋላ። በሁለቱ መካከል ሦስት ሳምንት ያልፋል፤ ፋይናንስ ካኮረፈ አራት። ሁለቱ ለምን አብረው እንደማይነገሩ የጠየቀ ሁሉ «ድሮም እንዲህ ነው» ይባላል፤ በመሥሪያ ቤት ደግሞ ከዚህ የጠነከረ መልስ የለም። ለዚሁ ሲባል በቅበላ ደብዳቤው ግርጌ አንድ መስመር ነበረች። «የወጪ ድጋፍን የሚመለከት ውሳኔ ከትምህርት ክፍሉ ለብቻው ይደርስዎታል፤ እስከዚያው በትዕግሥት ይጠብቁ» የምትል።

ነበረች። አምና አንድ ብልጥ የደብዳቤውን ሁለተኛ ገጽ፣ ፊርማና ማኅተም ብቻ ያለበትን፣ ከራሱ የፈጠራ ጽሑፍ ጋር አያይዞ ሥራ ተቀጠረበት። ጉዱ ሲወጣ ዲኑ «ከእንግዲህ ማንኛውም ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ ማኅተሙ ከጽሑፉ ጋር ይደር» ብለው አዘዙ። እትዬ ማኅተምም ዘንድሮ ደብዳቤውን ለማሳጠር ተቀመጠች። ፊደሉን አሳነሰች፤ ኅዳጉን አጠበበች፤ የአድራሻውን ቦታ ሰበሰበች። አንድ መስመር ግን አሻፈረኝ ብሎ ወደ ሁለተኛው ገጽ ወረደ። ያን ጊዜ ነው ስለ ድጋፍ የምታወራውን ያወጣቻት። «ትምህርት ክፍሉ ራሱ ሲጽፍላቸው ያውቁት የለ?» ብላ። ደብዳቤው አንድ ገጽ ላይ ልክክ ሲል ደስ ብሏት እንደ ነበር አሁን ትዝ አላት።

ለአርባ ሰው ተልኳል። ሠላሳ ዘጠኙ ወይ የሚጠይቁት ዘመድ ነበራቸው፣ ወይ ስልክ ደወሉ፣ ወይ ዝም ብለው ጠበቁ። አንዷ ግን ያነበበችውን አመነች። እትዬ ማኅተም የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጥላለች፤ የጣለችው ግን የራሷን አልነበረም።

በሩ ተንኳኳ፤ ገቢው መልስ አልጠበቀም።

«እትዬ፣ እንዴት አደሩ?»

የላቦራቶሪ ቴክኒሺያኑ ነው። በሕንፃው ውስጥ «ዶክተር» ይሉታል፤ ቀልድ ነው፤ ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ የለውም። የውኃ መመርመሪያ መሣሪያዎቹን ለአሥራ ስምንት ዓመት ለተማሪዎች ሲያሳይ ኖሯል። ያሳያቸው ሰዎች ተምረው ዶክተር ሆነው ሲመለሱ «ዶክተር፣ እንዴት ነህ?» ይሉታል፤ እሱም ከነሱ በላይ ይስቃል። ለድህረ ምረቃ ሲያመለክት ይህ ሦስተኛው ነው። በውኃ ኬሚስትሪ ተጠባባቂዎች ዝርዝር ላይ ቁጥር አንድ እሱ ነው።

«ደህና፤ አንተስ እንዴት አደርክ?» አለች መዝገቡን በክንዷ እየሸፈነች።

«እኔማ እንደ ተጠባባቂ ነዋ! በአንድ ዓይኔ ተኝቼ፣ በአንዱ ስልኬን እያየሁ።» የኬሚካል መጠየቂያ ቅጽ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። «ይህቺን ማኅተም ያድርጉልኝ ብዬ ነው። ሐቁን ለመናገር ግን ቅጹ ሰበብ ነው። አንድ ሰው ለቋል ሲባል ሰማሁ።»

«ማን ነገረህ?»

«ግድግዳው! በዚህ ሕንፃ ከእርስዎ በቀር ምስጢር የሚቋጥር ማን አለ?»

ቁልፉን አውጥታ መሳቢያውን ከፈተች። ማኅተሙን ቅጹ ላይ ስታሳርፍ ክቡ ወደ አንድ ጎን ተንጋደደ። እሱ ግን አላስተዋለም።

«ዘንድሮ ካልሆነ አለቀልኝ እኮ፣ እትዬ። በሚቀጥለው ዓመት አርባ አምስት ልሞላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ድጋፍ የለም። ባለቤቴ ከአሁኑ የመጻሕፍት መደርደሪያ አሠርታ አስገብታለች። ‹ቆይ እንጂ እስኪጠሩኝ› ብላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹መደርደሪያ ባዶውንም ያምራል!›» ብሎ ሳቀ።

እሷም ለመሳቅ ሞከረች። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ታውቃለህ» አለችው።

«እስከ አሥራ አንድማ ልጅ ወልጄ አሳድጋለሁ። ይሁን፣ የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» ብሎ ቅጹን ይዞ ወጣ።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ክንዷን ከመዝገቡ ላይ አነሳች። የምትወደው ሰው ነው። ባለቤቷ የታመመ ጊዜ ተሸክሞ ከመኪና ያወረደላት እሱ ነው። መምህርቷን ግን በመንገድ ብታገኛት አታውቃትም። ዝም ብትል ዛሬ ማታ አንድ ቤት ውስጥ እልል ይባላል፤ ማንም ምንም አያውቅም፤ መምህርቷም ራሷ ትታዋለች። ይህን ሁሉ አሰበችውና በማሰቧ በራሷ አፈረች። ከዚያ የቅበላ ደብዳቤውንና የመምህርቷን ኢሜይል በወረቀት አውጥታ ወደ ዲኑ ቢሮ ገባች።

ዲኑ ገና ሃምሳ ያልሞሉ፣ ችኩል፣ ግን ክፉ ያልሆኑ ሰው ናቸው። ሲያነቡ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ።

«ደብዳቤያችን ድጋፍ የለም ይላል?» ብለው ጠየቁ።

«የለም አይልም። ይኖራልም አይልም።»

«እንግዲያው አልዋሸንም።»

«አልዋሸንም። ግን አልነገርናትም። አምና የተቀበልናቸውን ሁሉ ግርጌው ላይ ባለችው መስመር ነግረናቸዋል፤ ካቻምናም እንዲሁ። እሷንና የዘንድሮዎቹን ነው ያልነገርናቸው።»

«መስመሩን ማን አወጣው?»

«እኔ ነኝ።»

ዲኑ ወረቀቶቹን አስቀመጡ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እትዬ፣ ደንቡን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።»

ታውቀዋለች፤ የጻፈችው ራሷ ናት። አንድ ጊዜ በጽሑፍ የተለቀቀ ቦታ አይመለስም፤ ጽሕፈት ቤቱ በሠራው ስህተት ምክንያት ካልሆነ በቀር። ያን ጊዜም ስህተቱን የሠራው ሠራተኛ በስሙ ተጠቅሶ ማስታወሻ ይጻፋል፤ ማስታወሻውም ከግል ማኅደሩ ጋር ይያያዛል።

«ሰኞ ኮሚቴው የእርስዎን ማኅደር ይከፍታል» አሉ ዲኑ። «ሃያ ስድስት ዓመት አንድ የወቀሳ ወረቀት ያልገባበት ማኅደር ነው። ዓርብ ገብቶ ሰኞ ቢያገኙት ከሃያ ስድስቱ ዓመት ይልቅ እሱን ነው የሚያነቡት። ጥያቄውን የሚቃወሙ እንዳሉም ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ።»

«ደግሞ ደብዳቤው ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሳላነብ ነው የፈረምኩት ልበል?»

«አላነበቡትም እኮ።»

ዲኑ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተመለሰ። «ቴክኒሺያኑስ? የራሳችን ሰው ነው። በዕድሜው ምክንያት ይህ የመጨረሻው መሆኑን አገር ያውቃል። አይተናት የማናውቃትን ሰው ለመካስ የምናውቀውን እንጉዳ?»

ከጠዋት ጀምሮ እሷም ራሷን ስትጠይቅ የዋለችው ይህንኑ ነው። «ቦታው ከመጀመሪያውም የሷ ነበር» አለች በመጨረሻ። «እኛ ነን ከእጇ ያስጣልናት።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያስቡበት። ማስታወሻውን ይዘው ከመጡ እፈርማለሁ። ይዘው ካልመጡ ይህን ወሬ አልሰማሁም።»

በምሳ ሰዓት እንደ ልማዷ ቤት ደወለች። ባለቤቷ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙትም። ሕክምናው የሚሸፈነው በእሷ ሥራ ነው። ሁለት ዓመት ይጨመርልኝ ብላ የጠየቀችውም ለዚሁ ነው፤ ማኅተሙማ ሰልችቷታል።

«በላህ?»

«በላሁ። አንቺ ግን አልበላሽም፤ ድምፅሽ የባዶ ሆድ ድምፅ ነው። ምን ሆነሻል?»

ነገረችው። ከጅምሩ እስከ መጨረሻው፣ ዲኑ ያሉትን ሳይቀር።

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?» አለ።

«ምን ላድርግ? አንተ አለህ። ሰኞ እምቢ ካሉኝ ሕክምናህ ምን ሊሆን ነው? ለአንተ ስል ዝም ብል ማን...»

«ቆይ፣ ቆይ። ለእኔ ስትይ ብዙ ሆነሻል፤ አልክድም። ያንን ሁሉ ውለታ ተቀብዬሻለሁ። ይኼን ግን በእኔ አታሳብቢ። ዝም ማለት ካሻሽ በራስሽ ዝም በይ። እኔን ሰበብ አታድርጊኝ።»

«ተቆጣህ እንዴ?»

«አልተቆጣሁም። ፈራሁ እንጂ፤ ለምን እዋሻለሁ? ከሰው ስህተት ከብረት ዝገት አይጠፋም ይባላል። አውቶቡሱ ሲዝግ ላዩን ቀለም ቀብተው መልሰው የሚሰጡን መካኒኮች ነበሩ። ለሦስት ወር ያምራል። ከዚያ ወለሉ ከነ ተሳፋሪው ይቀደዳል። ሂጂ አሁን አንድ ነገር ቅመሺ።»

ስልኩን ዘግታ ምንም አልቀመሰችም። ማስታወሻ ከመጻፏ በፊት ማወቅ ያለባት አንድ ነገር ቀርቷል። ልጅቷ እስካሁን ትፈልገው እንደሆነ። በማመልከቻው ላይ ያለው ቁጥር የትምህርት ቤት ስልክ ነበር። ያነሳው ሰው «ክፍል ናት፣ ላስጠራት» ብሎ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አጋደመው። በሩቅ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ከዚያ ፈጣን እርምጃ መጣ።

«አቤት?»

«ከድህረ ምረቃ ጽሕፈት ቤት ነው። መምህርቷ እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ነኝ።» ድምፁ ወጣት ነው፤ ግን ረጋ ያለ። «ይቅርታ፣ የሚጎድል ቅጽ አለ? ቦታውን መልቀቄን በኢሜይል ጽፌላችሁ ነበር።»

«ደርሶናል። ስለሱ ነው የደወልኩት። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የወጪ ድጋፍ ቢኖር ኖሮ ይመጡ ነበር?»

የመምህርቷ ድምፅ ተለወጠ። «እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል? ድጋፍ ቢኖርማ በእግሬም ቢሆን እመጣ ነበር። ለምንድን ነው የሚጠይቁኝ?»

«እንዲያው ለመዝገብ...» ብላ ጀመረችና ውሸቱ አፏ ውስጥ መረራት።

«ለሚቀጥለው ሰው ነግራችሁታል?»

«ገና ነን።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ? ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች መምህርቷ፤ ቁጣ ሳይሆን ድካም ነበረበት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ቶሎ የለቀቅኩት እሱ እንዳይጉላላ ብዬ ነው። እናቴን እንኳ አላለፍኩም ነው ያልኳት። አልፌ ቀረሁ ከምላት ወድቄ ቀረሁ ብላት ይቀላታል ብዬ።»

እትዬ ማኅተም ግንባሯን በእጇ ደገፈች። ልጅ የላትም፤ ብትወልድ ኖሮ ልጇ በዚህች መምህርት ዕድሜ ትሆን ነበር። የዚህችን ልጅ እናት አስባ አለቀሰች፤ ድምፅዋ ግን እንዳይሰማ ስልኩን አራቀችው።

«ልጄ» አለች ድምፅዋ ሲመለስላት፤ እርስዎ ማለቱ ቀረ። «እስከ ዘጠኝ ተኩል ከስልክ አትራቂ። አሁን ምንም ቃል አልገባልሽም። ግን አትራቂ።»

ከዚያ በኋላ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አልፈጀባትም። በሕይወቷ የሺህ ሰው ደብዳቤ ጽፋለች፤ «እኔ» ብሎ የሚጀምር ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «እኔ የጽሕፈት ቤቱ ዋና ጸሐፊ፣ የወጪ ድጋፍ ውሳኔ ለብቻው እንደሚደርስ የሚገልጸውን መስመር ማንንም ሳላማክር ከቅበላ ደብዳቤው ላይ አውጥቻለሁ። በዚህ ምክንያት አንደኛ የወጣችው አመልካች ድጋፍ የሌላት መስሏት ቦታዋን ለቅቃለች። ስህተቱ የአመልካቿ አይደለም። የእኔ ነው። ቦታዋ ከነድጋፉ እንዲመለስላት እጠይቃለሁ።» ከሥሩ ሙሉ ስሟን ከነአባትና ከነአያቷ ጻፈች፤ የእንግዳ ሰው ስም መስሎ ታያት።

ዲኑ ይህን ጊዜ አነበቡት። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«‹ማንንም ሳላማክር› የሚለውን ባያስገቡት ምን ነበረበት?»

«እውነት ነዋ።»

«ሰኞ ምን እንደሚሉ አላውቅም፣ እትዬ። ቃል አልገባልዎትም።»

«እኔም ቃል ፍለጋ አልመጣሁም። ይፈርሙልኝ።»

ፈረሙ። ማኅተሙን ያሳረፈችው ራሷ ናት፤ አሁን ቀጥ ብሎ ወጣ። ወረቀቱን ስትወስድ ዲኑ «ለቴክኒሺያኑ» አሉ፣ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው፣ «ለሌሎቹ ተጠባባቂዎች የሚሄደው ደብዳቤ ይሂድለት። ቦታው ሞልቷል፣ በቃ። ዝርዝሩን ማወቁ ምን ይጠቅመዋል? እርስዎንም ያስቀይምዎታል።»

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ የተስተካከለው ደብዳቤ ለመምህርቷ ተላከ፤ ቅበላውም ድጋፉም በአንድ ላይ። ወዲያው ደወለችላትና ሆነ ብላ ቀስ እያለች ሁሉንም ነገረቻት፤ መስመሯ እንዴት እንደወጣች፣ ማን እንዳወጣት። ከዚያ መምህርቷ «አንድ ጊዜ ይቆዩኝ» አለችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ምን እንዳደረገች እትዬ ማኅተም አታውቅም፤ ስትመለስ ግን ድምፅዋ ከአፍንጫዋ ይወጣ ነበር።

«ተጠባባቂው ሰውዬስ?» ብላ ጠየቀች።

«እሱን ለእኔ ተይው። አንቺ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መልስሽን ጻፊልኝ።»

መልሱ እስከ አሥራ አንድ አልቆየም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ገባ፤ አንድ ቃል ብቻ ነበረበት። «እመጣለሁ።» እትዬ ማኅተም መዝገቡን ከፍታ ከቀዩ ስረዛ በላይ የመምህርቷን ስም እንደገና፣ በደማቁ ጻፈችው። ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር። ደስታው መጣ፤ ግን ብቻውን አልመጣም።

የተጠባባቂዎቹ ደብዳቤ ማያው ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። «ስላመለከቱ እናመሰግናለን። ቦታዎቹ በሙሉ በመያዛቸው በዚህ ዓመት ልንቀበልዎ እንደማንችል እየገለጽን መልካሙን ሁሉ እንመኛለን።» አሥራ አንድ አድራሻ፣ አንድ ቁልፍ። ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ቁልፍ ስትጫን ማዶ ምን እንደሚሆን አስባ አታውቅም፤ አስባ ቢሆን ኖሮ ሥራው አይሠራም ነበር። ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ቆየች። ዲኑ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። ዝርዝሩን ማወቁ አይጠቅመው ይሆናል። ለሷም አይጠቅማትም። ሰኞ እምቢ ብለዋት ከወጣች፣ በዚህ ሕንፃ ውስጥ «ነፍሷን ይማረው፣ ደግ ነበረች» የሚላት አንድ ሰው ቢቀር ጥሩ ነበር፤ እሱም ያ ሰው ነበር።

ዝርዝሩን ከፍታ የመጀመሪያውን አድራሻ ሰረዘች። ለአሥሩ ላከች። መብራቱን ሳታጠፋ ወጣች።

ደረጃው ሁለት ፎቅ ነው። ጉልበቷ ስለሚያማት መደገፊያውን ይዛ አንድ በአንድ ወረደች፤ በየመታጠፊያው አንድ የተሻለ አነጋገር ታስባለች፤ ቀጣዩ መታጠፊያ ላይ ትጥለዋለች። ላቦራቶሪው በር ላይ ስትደርስ ቴክኒሺያኑ ብልቃጦች እያጠበ ነበር። ገና እንዳያት ውኃውን ዘጋ። ፊቱ በአንዴ በራ፤ ለመልካም ወሬ ካልሆነ እትዬ ማኅተም ሰው ፈልጋ ደረጃ አትወርድም፤ ይህን ሕንፃው ሁሉ ያውቃል። ይህን ሳታስበው ነበር የመጣችው።

«እትዬ! ራስዎ መጡ? ልቀመጥ ወይስ ቆሜ ልስማው?»

ወንበር ሊስብላት ሲል እጇን አንስታ አስቆመችው።

«ወንድሜ፣ አልተጠራህም» አለች። «ቦታው የሰው ነበር፤ ለባለቤቱ ተመልሷል። ለቋል የተባለው በእኔ ጥፋት ነው። እኔ ባላጠፋ ኖሮ አንተም ዛሬ እንዲህ ተስፋ ባላደረግክ ነበር። ይኼን ከወረቀት እንድታነበው አልፈለግኩም።»

ቴክኒሺያኑ እጁ ላይ ያለውን ብልቃጥ አየው፣ መልሶ አየው፣ ከሌሎቹ ጎን ደፍቶ አስቀመጠው። እትዬ ማኅተም ልትሄድ ትችል ነበር፤ የምትለውን ብላለች። አልሄደችም። ማንኛውንም ነገር ቢላት ልትሰማው በሩ ሥር ቆማ ጠበቀች።